በአንጎል ስም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን አንድ አፕ ስንሠራ የእኔ ድርሻ ትንሽ ኩዊዝ ነበረች። አሥራ ሁለት ጥያቄ አላት። «አዲስ ነገር ስትማር የሚቀልህ ሥዕል ማየት ነው፣ ሰው ሲያስረዳ መስማት ነው ወይስ በእጅህ መሞከር?» ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። ተማሪው መልሶ ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ የአንጎል ሥዕል ብልጭ ይልና ፍርዱ ይመጣል፦ «በማየት የምትማር ነህ»፣ «በመስማት የምትማሪ ነሽ»፣ «በተግባር የምትማር ነህ»። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «በአንጎል ሳይንስ ላይ የተመሠረተ» ይላል።

ኮዱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ሦስት ቆጣሪዎች አሉ። እያንዳንዱ መልስ ለአንዱ ቆጣሪ አንድ ይጨምርለታል፤ በመጨረሻ ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል። ሁለቱ እኩል ቢሆኑስ? ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፍ ብዬ አለፍኩት። ቀድሞ የተጻፈው «ማየት» ነበር። ስለዚህ የተወሰኑ ልጆች «በማየት የምትማሩ» የተባሉት ስለ አንጎላቸው የታወቀ ነገር ኖሮ ሳይሆን፣ እኔ አንድ ቀን ከሰዓት ታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ቤቴ ለመግባት ስለቸኮልኩ ነው።

ይህን ነገር ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ ሳወራው ኖሬያለሁ። ቀልድነቱ ያበቃው አንድ ፋሲካ አክስቴ ቤት ነው።

የአክስቴ ልጅ ያኔ 10ኛ ክፍል ነበረች። ምሳ ተበልቶ ቡና እስኪፈላ «ፊዚክስ እንዴት ነው ሚጡዬ?» አልኳት።

«ተወው እሱን፤ እኔ እኮ ቪዥዋል ነኝ» አለችኝ። «መምህሩ ዝም ብሎ ያወራል። መጽሐፉም ጽሑፍ ብቻ ነው። ለእኔ ዓይነት ሰው አልተሠራም።»

እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት ስልኳን ከፍታ ስክሪንሾት አሳየችኝ። እኔ የመረጥኩት ሰማያዊ ቀለም፣ እኔ ያስገባሁት የአንጎል ሥዕል። በውጤቱ ደስተኛ ነበረች። ለአንድ ዓመት ያህል «ለምን አይገባኝም?» እያለች ስትጨነቅ ኖራ አሁን መልስ አግኝታለች። መጽሐፉን ማንበብ ካቆመች ሁለት ወር ሆኗታል።

ምንም አላልኳትም። ቡናዬን ጠጥቼ፣ አክስቴን ስሜ ወጣሁ።

*

መንገድ ላይ ሳስበው ሁለት ጥያቄ ነበር የሚያጨቃጭቀኝ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ የጻፍኩት ነገር እውነት ነው? ሁለተኛው ይከብዳል፦ ውሸትም ቢሆን፣ ልጅቷን ካስደሰታት ምን አጠፋሁ?

ከቀላሉ ልጀምር። ሰዎች ምርጫ አላቸው፤ አንዱ ቪዲዮ ይወዳል፣ ሌላው ማንበብ። በዚህ የሚከራከር የለም። ኩዊዟ የምትለው ግን ከዚህ ያለፈ ነው፦ ትምህርቱ ከልጁ «ዓይነት» ጋር ሲገጥም የተሻለ ይማራል ትላለች። ይህ በሙከራ የሚፈተን አባባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ የነበሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲገመግሙ፣ ጥያቄውን በሚገባ የፈተኑት በጣም ጥቂት ሆነው አገኟቸው፤ ከእነዚህ ውስጥም ሐሳቡን የሚቃረን ውጤት ያመጡ ነበሩ። ትምህርት ቤቶች ገንዘብ እንዲያወጡበት የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብለው ደመደሙ።

ነገሩ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት 242 የእንግሊዝና የኔዘርላንድ መምህራን ስለ አንጎል የተለያዩ አባባሎች ቀርበውላቸው ነበር። ተማሪ በሚመርጠው መንገድ ሲማር የተሻለ ይማራል የሚለውን ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት አምነውበታል። እነዚህ ሰነፍ መምህራን አልነበሩም፤ ስለ አንጎል ለማወቅ የሚጓጉ ነበሩ።

ለምን እንዲህ በቀላሉ እናምናለን? በ2008 ዲና ዌይስበርግና ባልደረቦቿ ያደረጉት ሙከራ ፍንጭ ይሰጣል። ለሰዎች ጥሩ ማብራሪያና መጥፎ ማብራሪያ ሰጧቸው፤ ለአንዳንዶቹ ማብራሪያዎች ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የአንጎል ወሬ ጨመሩበት። የአንጎል ወሬ ሲጨመርበት መጥፎው ማብራሪያ ይበልጥ አጥጋቢ መሰላቸው። በደንብ የተማሩት የዘርፉ ባለሙያዎች ብቻ አልተታለሉም። እኔ ኩዊዟ መጨረሻ ላይ ያስገባኋት ብልጭ የምትል የአንጎል ሥዕል ሥራዋ ይኸው ነበር።

*

አሁን ወደ ከባዱ። ሐሳቡ ስህተት ከሆነ መምህራን ለምን ይወዱታል? እኔ እንደማስበው ደግ ስለሆነ ነው።

እኛ አገር ልጅን በአንድ ዐረፍተ ነገር የመፈረጅ ልማድ ጥንትም አለ። «ቀለም አይገባውም» እንላለን። አንድ ልጅ ይህ ከተባለለት በኋላ እረኛም ይሁን፣ ሱቅም ይጠብቅ፣ ማንም «እንዴት ነበር ያስተማራችሁት?» ብሎ አይጠይቅም። ጉድለቱ የልጁ ነውና። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር «ይገባዋል፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው» ማለት ትልቅ ምሕረት ነው። ሬኔት እና ጄፍሪ ኬይን እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ ያሳተሟቸው 12ቱ «የአንጎል» የትምህርት መርሆች ውስጥም ይህ መንፈስ አለ። ስሜት ከትምህርት አይለይም፤ ልጅ ትርጉም ይፈልጋል፤ ልኩን የጠበቀ ፈታኝ ሥራ ያጎለብተዋል፣ ማስፈራሪያ ያፍነዋል። በኩርኩምና በልምጭ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ እሰየው የሚያስብል ነው።

ግን አስተውሉ። «ቀለም አይገባውም» እና «ቪዥዋል ነው» አንድ ዓይነት ሰዋስው አላቸው። ሁለቱም ልጁ ምን *እንደሆነ* ነው የሚናገሩት። ሁለቱም ከተነገሩ በኋላ አዋቂው ያርፋል። የአክስቴ ልጅ ፍርዱን በደስታ ተቀበለችው እንጂ ውጤቱ ከድሮው አልተለየም፤ መጽሐፉን ዘጋችው። ጥፋቴ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ደግ የሆነው ውሸት ያደረገው፣ ክፉው ውሸት ያደርገው የነበረውን ያንኑ ነው።

*

ታዲያ በትክክል የምናውቀው ነገር ምንድን ነው? አለ፤ ያውም ብዙ። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ፦ አብዛኛው የተገኘው በአንጎል ፎቶ ሳይሆን በወረቀትና በእርሳስ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ አያስደስትም።

እ.ኤ.አ. በ1885 ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የለሽ ቃላትን በራሱ ላይ እየሞከረ፣ የተማርነው ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንደሚጠፋ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የተረጋገጠው ነገር አንድ ሰዓት ጥናት በአንድ ቀን ከሚታጨቅ በተለያዩ ቀናት ቢከፋፈል የተሻለ እንደሚቆይ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኬ ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ አስታዋሾቹ 61 በመቶ ያህል አስታወሱ። ልብ የሚነካው ደግሞ ይህ ነው፦ «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ሲባሉ ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ገባኝ የሚለው ስሜት ይዋሻል ማለት ነው። ከባዱ መንገድ ያቺን ቅጽበት «አልቻልኩም» ያስብላል፤ የሚቆየው ግን እሱ ነው።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ የተጻፈ ቅኔ እያነበበ አይውልም። የራሱን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይናገራል፤ እዚያው ይታረማል፤ ነገም ይመለሳል። ከእሱ የቀደመው ተማሪ ደግሞ የኋለኛውን ያስቀጽላል። ማንም «በአንጎል ላይ የተመሠረተ» አላለውም። ላሞካሸው አይደለም፤ ረሃቡም፣ ልምጩም፣ ትርጉሙ ሳይገባ በቃል የሚወጣው ንባብም ነበረ። ግን ከአፍ የሚወጣ ትምህርትና በዓይን የሚያልፍ ትምህርት አንድ እንዳልሆኑ እዚህ አገር ከረጅም ጊዜ በፊት ይታወቅ ነበር።

እኔ የተማርኩት በተቃራኒው ነው። 9ኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ከፊታችን ፕላዝማ ተሰቅሏል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው በሳተላይት ይናገራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል፣ ይቀጥላል። ፖዝ የለውም። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ መያዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ እኛ ያቺን ጥቂት ቦታ ቃላቱን ለመተርጎም ጨርሰናት የፊዚክሱ ሐሳብ ከበር ይመለስ ነበር። ያኔ ሁላችንም ደደብ የሆንን ይመስለን ነበር። ዛሬ እንደ ዴቨሎፐር ሳየው ሜሞሪው የሞላ ማሽን ላይ ሌላ ፕሮግራም እየጫኑ «ለምን ቀዘቀዘ?» ማለት ነው።

*

የሳይንስ ትምህርት ደግሞ ከሌላው የሚለይበት አንድ ችግር አለው። ልጁ ባዶውን አይመጣም። ስለ ኃይል፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ፀሐይ የራሱ ማብራሪያ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ማብራሪያው ደግሞ እስከ ዛሬ ሠርቶለታል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣ አንድ ዘጋቢ ፊልም የሃርቫርድ ተመራቂዎችና መምህራን «በጋ ለምን ይሞቃል?» ተብለው ተጠየቁ። አብዛኞቹ ተሳሳቱ። በብዛት የተሰጠው መልስ «ምድር ለፀሐይ ስለምትቀርብ» የሚል ነበር። እነዚህ ሰዎች የምድርን ዘንበል ማለት ያልተማሩ አይደሉም። ተምረው፣ ፈተናውን አልፈው፣ የድሮ ማብራሪያቸው ግን ከሥሩ እንደተቀመጠ ነው።

የአንጎል ምስል በእውነት የሚያስተምረን ነገር ካለ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳ ስቲቭ ማሶንና ባልደረቦቹ የፊዚክስ ባለሙያዎችንና ጀማሪዎችን የኤሌክትሪክ ዑደት ሥዕሎች እያሳዩ አንጎላቸውን በኤምአርአይ ተመለከቱ። ባለሙያዎቹ ስህተት ያለበትን ዑደት ሲያዩ፣ ከጀማሪዎቹ በተለየ፣ ሐሳብን ከማገድ ጋር የሚያያዙ የአንጎል ክፍሎች ይበልጥ ሠሩ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ትርጉም፦ የድሮው የተሳሳተ ሐሳብ ባለሙያው ውስጥም ሳይጠፋ አይቀርም፤ ባለሙያው ዝም ማሰኘቱን ነው የተማረው። እኔ ይህን ሳነብ ሰው መሆኔን ትንሽ ወደድኩት። የተማረው ሰው ውስጥ ያልተማረው ልጅ አሁንም አለ። እንግዲህ «ቀለሜዋ» እና «ቀለም የማይገባው» ብለን የምንለያቸው ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም።

*

እዚህ ላይ የሚያሰጋኝን ልናገር። «አንጎል ይለወጣል፣ ትክክለኛው ዘዴ ይታወቃል» ማለትም ሌላ ዱላ ሊሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ለቀሩት «መጽሐፉን ዘግታችሁ ብታስታውሱ ኖሮ!» ማለት ስድብ ነው። አንጎል አካል ውስጥ ነው ያለው። ቁርስ ያልበላ ልጅ አንጎሉም ቁርስ አልበላም። የተማርነው ነገር የሚረጋው በእንቅልፍም ጭምር ስለሆነ፣ ሌሊት ስትሠራ አድራ ክፍል የምትገባ ልጅ ስታንቀላፋ የሚገልጣት ቃል «ሰነፍ» አይደለም። ስለ አንጎል ከልባችን ከተናገርን ወሬው ምሳ ዕቃው ጋ፣ ወንበሩ ጋ፣ ሰማንያ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ጋ መድረሱ አይቀርም።

ሌላም አለ። የማስታወስ ዘዴ የሚታወሰው ነገር እውነት ይሁን ውሸት አይመርጥም። ስህተትም ቢሆን በየቀናቱ ከፋፍላችሁ፣ መጽሐፍ ዘግታችሁ ብታጠኑት ይቀመጣል። አንጎል *እንዴት* እንደሚማር የሚነግረን ሳይንስ *ምን* መማር እንዳለበት አይነግረንም። ይህ የእኛ ውሳኔ ነው። በሳይንስ ክፍል ውስጥ ደግሞ ውሳኔው ከረጅም ጊዜ በፊት የተወሰነ ይመስለኛል፦ ልጁ «በምን አወቅክ?» ብሎ መጠየቅ እንዲችል ነው የምናስተምረው። ይህን ልናስተምር በገባንበት ክፍል፣ ማስረጃ የሌለውን ነገር የአንጎል ሥዕል ለጥፈንበት ስለ ልጁ ስለ ራሱ ብንነግረው፣ ያፈረስነው አንድ ምዕራፍ አይደለም። ትምህርቱን ራሱን ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ደግነቱ ውሸቱን አያስፈልገውም ነበር። «ትችያለሽ» ለማለት «ቪዥዋል ነሽ» ማለት የለብኝም። እውነቱ ራሱ ደግ ነው፤ ልዩነቱ፣ ሥራውን ወደ አዋቂው ይመልሰዋል። ከየት እንደምትጀምር መጠየቅ፣ ስትናገር መስማት፣ ሳምንቱ ሲያልፍ ተመልሶ መምጣት ይጠይቃል። ኩዊዝ ይህን ሁሉ በሦስት ደቂቃ ይገላግላል። የሚሸጠውም ለዚህ ነው።

*

ገጹ እንዲነሳ ለቡድኑ ጻፍኩ። «ተጠቃሚዎች በጣም የሚወዱት፣ በጣም ሼር የሚያደርጉት ገጽ ነው» የሚል መልስ መጣ። አልተነሳም። ጀግና እንዳልመስላችሁ፣ ከዚያ ሥራ የለቀቅኩት ቆይቼ በደመወዝ ምክንያት ነው።

የአክስቴን ልጅ ግን ሄጄ ነገርኳት። ስለ ሦስቱ ቆጣሪዎች፣ ስለ እኩል ነጥቡ፣ ስለ ችኮላዬ። ትስቃለች ብዬ ነበር። ተናደደች።

«ፋሲካ ላይ ሳሳይህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዝም ብለህ ቡና ጠጣህ?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሳምንት ያህል ስልክ አላነሳችልኝም።

በኋላ በሐምሌ ቤታቸው ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች። ሳይንስ ላስተምር ብዬ አልነበረም፤ «ለምንድን ነው ግን እንዲህ የሚበርደን?» አልኩ። «ምድር ከፀሐይ ስለራቀች» አለች ወዲያው። የሚገርመው፣ ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ፣ በጣም የምትቀርበው ደግሞ በገና ሰሞን ነው። የተሳሳተው ማብራሪያ ለእኛ አገር ልጅ ልክ ይመስላል! ይህን ስነግራት «አየህ?» አለች።

«ዱባይ ያለችው እህትሽ ትናንት ስትደውል ምን አለች?»

ዝም አለች። እህቷ ከቤት መውጣት አልቻልኩም፣ ሙቀቱ ሊገድለን ነው ብላ ነበር። ያው ምድር፣ ያው ርቀት። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን አናታችን ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያና በነሐሴ እንደሆነ ነገርኳት። ነሐሴ፣ ጃኬት የምንደርብበት ወር! እየተጨቃጨቅን ደመናው ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ሥዕል ሣልን፣ አወራን፣ ብርቱካን ይዘን ጠረጴዛውን ዞርን። የትኛው «ዓይነት» እንደሆነች ትዝ ያላትም ያለኝም አይመስለኝም።

አሁን እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። መጽሐፉን ዘግታ ያጠናችውን ትነግረኛለች። አትወደውም። «ራስ ያማል» ትላለች። ያለፈው እሁድ፣ ደጋግሞ ከማንበብ ማስታወስ ለምን እንደሚሻል ላሳምናት 40 እና 61 የሚሉትን ቁጥሮች ነገርኳት።

«በስንት ሰው ላይ ነው የተሞከረው?» አለችኝ።

«180።»

«የት?»

«አሜሪካ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።»

«እኔ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይደለሁም» አለች። «በቋንቋቸው ነው ያነበቡት ደግሞ።»

ሌሎች ጥናቶችም አሉ ልላት ነበር፤ አሉም። ግን ፈልጌ ላንብብና በሚቀጥለው እሁድ ልንገርሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።